አቧራውን አትጠቡብኝ

ስለ ድሮ ተሽከርካሪ በዲጂታል የሚሠራ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ ይዞታል፤ ሁሉም ታጥቧል። ፊያት 682 ኤንትሬ በኮምፒውተር ተሠርቶ ይለቀቃል፤ ትናንት ከመርከብ እንደወረደ ያብረቀርቃል። ጥቁርና ነጭ የባቡር ፎቶ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሰጥና በአምስት ሰከንድ ውስጥ «ቀለሙ ተመለሰ» ተብሎ ይለጠፋል። ከየት ነው የተመለሰው? ፕሮግራሙ ባቡሩን አላየውም። የለጠፈው ልጅም አላየውም። እኛም አላየነውም፤ ግን ሼር እናደርገዋለን።

ሥራዬ ሶፍትዌር ማልማት ነው፤ የተማርኩት ምህንድስና። ማታ ማታ ለመንዳት ጨዋታዎች የሚሆኑ መኪናዎችን በኮምፒውተር እሠራለሁ። ያደግኩት ነፋስ መውጫ ነውና የምሠራቸውም እዚያ መንገድ ላይ ሲመላለሱ ያየኋቸውን ነው፦ ቅጥቅጡን፣ አይሱዙውን፣ ሲኖትራኩን፣ አሮጌውን ፊያት ከነተሳቢው። አንድ ሥራ ባወጣሁ ቁጥር የማይቀር አስተያየት አለ። አሪፍ ነው፣ እጅህ ይባረክ፣ ግን ለምን አላጠብከውም? ዝገቱ ምን ያደርጋል? የአገር ገጽታ ለምን ታበላሻለህ? ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

አቋሜ አጭር ነው። ቀለም ሰነድ ነው። የቀለም መወየብ፣ መላጥና መዛግም ሰነድ ነው። ያለ ማስረጃ ቀለም መቀባትም ሆነ ያለ ማስረጃ ማጠብ ያው ሰነድ መፈልሰፍ ነው።

ከባቡር ልጀምር። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ 784 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር። የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ከ1908 እስከ 1981 (እ.ኤ.አ.) በዚህ ስም ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ስሙም የስሙ ምሕጻረ ቃልም ተለወጠ። ሲ.ኤፍ.ኢ. የነበረው ሲ.ዲ.ኢ. ሆነ። ስለዚህ ፉርጎ ላይ የተጻፉ ሦስት ፊደሎች ብቻቸውን ዘመን ይነግሩናል። «ቀለም መላሹ» ፕሮግራም ግን መጀመሪያ የሚያበላሸው እነዚህን ፊደሎች ነው፤ ፊደል የሚመስል ጭረት አድርጎ ይለቃቸዋል። ከዚያ ፉርጎውን ደስ ያለውን ቀለም ይቀባዋል። በ20 ዓመት ውስጥ አንድ ተማሪ ያንን ምስል ለመመረቂያ ጽሑፉ ማስረጃ አድርጎ ያስገባዋል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የበይነ መረብ ምስል እንደዚህ ነው ታሪክ የሚሆነው።

ድሮን ተዉትና የራሳችንን ዕድሜ እንይ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። የምሥራቅ ምዕራቡ መስመር አረንጓዴና ነጭ፣ የሰሜን ደቡቡ ሰማያዊና ነጭ ነበር። ከዚያ ማስታወቂያ ተለጠፈባቸው፣ ብዙዎቹም ከሥራ ወጡ። ያ አረንጓዴ ምን ዓይነት አረንጓዴ ነበር? የሎሚ ነው የባሕር ዛፍ? የዛሬ 10 ዓመት ገደማ በዓይናችን ያየነውን እንኳ በልበ ሙሉነት የምንመልስ ስንት ነን?

ይህን ነገር በቁም ነገር የያዙ ሰዎች አሉ። አየርላንድ ውስጥ ትንንሽ የባቡር ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች «በየትኛው ዓመት?» ሳይሉ ብሩሽ አያነሱም። ምክንያታቸው ይገባኛል። ሲአይኢ የተባለው የአገሪቱ የትራንስፖርት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 ኤ ክላስ የሚባሉ 60 የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ሲያስገባ ብርማ ቀለም ቀብቷቸው ነበር። ለዓይን ያምር ነበር። ግን ብርማው እድፍ አልደብቅም አለ፤ ዘይቱም ጥላሸቱም ቶሎ አጎደፈው። በአረንጓዴ ተተካ፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ጥቁር ያለበት ሌላ ቀለም መጣ። እንግዲህ ያንን ብርማ ሎኮሞቲቭ ያለ አንዳች ጉድፍ የሚሠራ ሰው ምን እያደረገ ነው? ቀለሙ ለምን እንደተተወ እየደበቀ ነው። እድፉ ራሱ የታሪኩ ምክንያት ነበር።

አሁን ወደ እኛ መንገድ እንምጣ። ባቡር ጋይንት ደርሶ አያውቅም፤ የእኛ ባቡር መኪናው ነው። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወልድያ የሚወርደው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደርግ ጊዜ ቻይናዎች የሠሩት ስለሆነ ትልልቆቹ ዛሬም የቻይና መንገድ ይሉታል። ለብዙ ዓመት ጠጠር ነበር፤ አስፋልቱ በኋላ ነው የመጣው። ወደ እስቴ፣ ወደ ስማዳና ወደ ታች ጋይንት የሚገነጠሉት መንገዶች ደግሞ የአቧራና የጭቃ ዘመናቸው ረጅም ነው።

በዚህ መንገድ የሠራ መኪና ዝም ብሎ «አይቆሽሽም»። እያንዳንዱ ምልክት ምክንያት አለው። አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይጠነክራል፤ ነፋስ መውጫ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ጨረሩ የቀለሙን ማጣበቂያ ይሰብረዋል። ስለዚህ ኮፋኖውና ጣሪያው ይደርቃሉ፣ በጣት ሲነኳቸው እንደ ጠመኔ ዱቄት ይወጣቸዋል፤ ቀዩም ወደ ሮዝ ይሄዳል። በሮቹ ግን ቀጥ ብለው ስለቆሙ ዘግየት ብለው ነው የሚወይቡት። ጎማው የሚወረውረው ጠጠር ከፓራፋንጎው ኋላ ያለውን ላሜራ ይቀጠቅጠዋል፤ ዝገት ከዚያና ከብየዳው መስመር ይጀምራል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ከዝገቱ ሥር ቡናማ መስመር እያሰመረ ይወርዳል። መስታወቱ ላይ መጥረጊያው የደረሰበት ብቻ ንጹሕ ነው። ረዳቱ ተንጠልጥሎ የሚይዘው ብረት ቀለሙ አልቆ ያበራል። ፖርቶመጋላው ላይ ጆንያ ተጎትቷል፣ በግ ቆሞ ሄዷል፤ ያ ጭረት ከድንጋይ ጭረት ጋር አይምታታም።

የዝገቱን ንብርብር ደግሞ ተመልከቱት። ላይኛው ቀለም ተልጦ ከሥሩ ሌላ ቀለም ብቅ ይላል፤ ከዚያ ስቱኮ፣ ከዚያ የዝገት መከላከያው፣ መጨረሻ ላይ ላሜራው። መኪናው ስንት ጊዜ እንደተሸጠና ስንት ጊዜ እንደተጋጨ በዚያ ቁስል ውስጥ ይነበባል። ይህን ሁሉ አጥባችሁ ስታበቁ የሚቀራችሁ የፋብሪካ ካታሎግ ነው። ካታሎጉ ደግሞ ጃፓን አለላችሁ፤ እኛ እንድንሠራው የሚያስፈልግ ነገር የለም።

«የአገር ገጽታ» የሚለውን ክርክር ንቄ አላልፈውም፤ ቁስል ያለበት ክርክር ነውና። በ1977ቱ ረሀብ ዓለም ያየን በአንድ ቀለም ነው፤ በቡናማ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳ ሲባል ከድርቅና ከሴፍቲኔት ጋር ብቻ ሲነሳ እየሰማ ያደገ ልጅ አቧራ ባየ ቁጥር ቢሸማቀቅ አይፈረድበትም። እኔም ከዚያው ነኝ። ግን ለዚያ ቡናማ መልሱ ማብረቅረቅ ነው እንዴ? የውጭ ካሜራ በአንድ ቀለም ዋሸብን ብለን እኛም በሌላ ቀለም እንዋሽ? የዚያ ምስል ችግር አቧራ ማሳየቱ አልነበረም፤ ከአቧራው በቀር ሌላ አለማየቱ ነው። የመኪናው ጋቢና ሰማያዊ እንደነበር፣ ሾፌሩ መስታወቱ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል እንደለጠፈ፣ ሸራው በሌላ ቀለም ሸራ እንደተጣፈ አላየም። የጥድፊያ ዓይን መድኃኒቱ የተረጋጋ ዓይን ነው። በትክክል የተሠራ አቧራ ማንንም አያዋርድም፤ መኪናው ሥራ ላይ እንደነበር ነው የሚመሰክረው።

ይህን ስል ግን ለሌላኛው ወገን ጭብጨባ እየጠየቅኩ አይደለም። ቆሻሻ መጨመር ብቻውን እውነት የሚመስላቸው ልጆችም አሉ። ከበይነ መረብ የተዘጋጀ የዝገትና የእድፍ ምስል ያወርዳሉ፣ በሙሉ መኪናው ላይ ይደፉታል፣ «ሪያሊስቲክ» ብለው ይለጥፋሉ። ያ እድፍ ከየት አገር ነው የመጣው? ብዙ ጊዜ ከእርጥብ አገር ነው፤ አረንጓዴ ሻጋታ አለው፣ መንገድ ላይ ጨው ከሚበተንበት ክረምት የመጣ ዝገት አለው። በጋይንት አይሱዙ ላይ የአውሮፓን ሻጋታ መለጠፍ መኪናውን ከማጠብ በምንም አይሻልም። የእኛ ቀይ አፈር ቀይ ነው፣ የዋልካ ጭቃ ጥቁር ነው፤ ሁለቱ አንድ ጎማ ላይ ሲገናኙ መኪናው ደጋ ወጥቶ ሜዳ መውረዱን ይናገራሉ። ሰነፍ ቆሻሻና ሰነፍ ንጽሕና እኅትማማቾች ናቸው።

አንድ ከበድ ያለ ነገርም አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ ነበር። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው፤ መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በላሜራ ላይ ያለ ቀዳዳ ሁሉ የዝገት አይደለም። ጋራዥ ገብቶ ተበይዶ፣ ስቱኮ ተለስኖ፣ ተቀብቶ የወጣ በር አለ። ባለቤቱ ቢያስጠግነው መብቱ ነው፤ መኪናው እንጀራው ነው፣ ቤተ መዘክር አይደለም። እኛ ግን ባለቤት አይደለንም፤ መዝጋቢ ነን። መዝጋቢ ያንን በር አለስልሶ ሲሠራው ማንም ሳያዘው ምስክር አጠፋ ማለት ነው። «ለዓይን እንዲያምር ብዬ ነው» ይላል። ለማን ዓይን?

ነገሩ አዲስ አይደለም። በጋይንት ያለፈው የመጀመሪያው ከባድ ጎማ የሴባስቶፖል ጎማ ነው ብል ብዙ የምስት አይመስለኝም። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ በሰው ጉልበትና በገመድ እያስጎተቱ፣ መንገዱን እየቆረጡ፣ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 ነው። አምስት ወር ሙሉ! ቅጂው ዛሬ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ስለ ንጉሡ ጀግንነት ሁላችንም እናውቃለን። ግን ገመዱ ብረቱን የት የት ላይ እንዳላጠው፣ ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ምን እንደሆነ፣ ያ ሁሉ ጎታች እጁን የት እንዳሳረፈ የሚጠይቅ አለ? መድፉን ስናጥበው አብረን የምናጥበው ጎታቾቹን ነው።

ትክክለኛውን አያያዝ የሚያውቁትስ ልጆች ናቸው። የእኛ አገር ልጅ መኪና የሚሠራው ከሽቦ፣ ከቆርቆሮና ከቆርኪ ነው። እኔም እንደ እኩዮቼ ሠርቻለሁ። የሽቦ መኪና ቀለም የለውም፤ ግን ተመልከቱት፤ ልጁ የአይሱዙውን ግንባር ከሲኖው ግንባር ለይቶ ያጥፋል፣ ከኋላ የጭቃ መከላከያ ጎማ ያንጠለጥላል፣ ጭነቱን በገመድ ያስራል። ባላየው ነገር አያስጌጠውም። ውድ ኮምፒውተር የያዝን እኛ ከዚያ ልጅ ማነስ የለብንም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? በቃ፣ ቀላል ነገር ነው። መኪና ወይም ባቡር ፎቶ ስታነሱ ከጎን ቀጥ ብላችሁ፣ በጥላ ውስጥ፣ አጠገቡ ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ አንሱ፤ ወረቀቱ በኋላ ቀለሙን ለማስተካከል ይረዳል። ቀኑን፣ መንገዱን፣ ወቅቱን ጻፉ፤ የግንቦት አቧራና የነሐሴ ጭቃ አንድ አይደሉም። የሰሌዳውን ቁጥር ሸፍኑ፤ ቀለሙን ግን ተዉት፤ አረንጓዴው የንግድ፣ ቀዩ የታክሲ፣ ሰማያዊው የቤት፣ ጥቁሩ የመንግሥት መሆኑ ራሱ መረጃ ነው። ባለቤቱን አስፈቅዱ። ኬላ አጠገብ ካሜራ አታውጡ፤ ምክንያቱን መናገር አያስፈልገኝም። ጋራዥ ግቡና ቀለም ቀቢዎቹን አነጋግሯቸው፦ ይህን ቢጫ ከምንና ከምን ነው የምትቀይጡት? ድሮ ምን ነበር የምትቀቡት? ብዙዎቹ በዓይን ነው የሚለኩት፤ እነሱ ሥራ ሲያቆሙ ልኬቱም አብሮ ይሄዳል።

ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የአሮጌው ባቡር ወርክሾፕ እዚያው ነው። በሐዲዱ ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰዎች ከእናንተ ጋር አንድ ከተማ ውስጥ ቡና ይጠጣሉ። ሊቶሪናው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ፕሮግራም ከምትጠይቁ እነሱን ጠይቁ። ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ቀለም ቢነግራችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

ቀለሙን የማታውቁት ከሆነ ደግሞ ግራጫ ተዉት። ግራጫ ማለት «እዚህ ጋ ማስረጃ የለኝም» ማለት ነው፤ በእኔ ሙያም ባዶ ቦታ ከተፈለሰፈ ዳታ ይሻላል፤ ባዶውን ነገ የሚሞላው ይመጣል፣ የተፈለሰፈውን ግን ማንም አይጠረጥረውም። የእኔን ቅጥቅጥ በተመለከተ፣ አስተያየት የሰጣችሁኝ ሁሉ ተባረኩ፤ አላጥበውም። የአቧራው ቀለም ከጉና ወዲህ ያለውን አፈር አይመስልም የሚል ካለ ግን ይምጣ፤ ማታውኑ አስተካክለዋለሁ።