ያልተከልነውን ስንለቅም

በካፋ ደን ቡና የሚለቅም ገበሬ ብዙውን ጊዜ እጁን የሚዘረጋው ማንም ወዳልተከለው ዛፍ ነው። ዘሩን ወፍና ዝንጀሮ በትነውታል፤ ትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሆነውታል፤ ዝናቡም ወርዶለታል። የገበሬው ድካም ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ጫካውን ሰንጥቆ ይገባል፣ ቀይ እሸቱን ከአረንጓዴው ለይቶ ይለቅማል፣ ተሸክሞ ወጥቶ የማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣል። ድካሙ ቀላል አይደለም፤ ግን መነሻው ስጦታ ነው። ስለ ክርስቲያን ምስጋና ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ወደ ካፋዋ ከተማ ወደ ቦንጋ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ምስጋና ለአፋችን እንግዳ አይደለም። «እንዴት ዋላችሁ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» የማይል የለም። ኦርቶዶክሳዊው በቅዳሴ የምስጋናውን ጸሎት፣ ጸሎተ አኮቴትን፣ ያደርሳል፤ ወንጌላዊው መኸር ሲገባ በኩራቱን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይመጣል። በመስከረም፣ የካፋ ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮ በቦንጋ ሲከበርም፣ ዓመቱን በሰላም ላሻገረ ፈጣሪ ምስጋና ይቀርባል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ምስጋናው ከአፍ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የተጻፈውን የዐሥሩን ለምጻሞች ታሪክ እናስታውስ። ዐሥሩም ነጹ፤ የተመለሰው ግን አንዱ፣ ሳምራዊው ብቻ ነበር። ዘጠኙ ለካህናት ራሳችሁን አሳዩ ተብለው ነበርና የታዘዙትን ለመፈጸም እየሄዱ ነበር። ሳምራዊው ግን መንገዱን አቋርጦ ወደ ሰጪው ተመለሰ። ምስጋና እንዲህ ከጉዳያችን ላይ የሚያስቆመን ነገር ነው።

ወደ ካፋ ደን እንመለስ። ደኑ በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ምዝገባው ብቻውን ግን ዛፍ አያቆምም። ስለ ቡናው ፈጣሪን አመስግኖ የጥላውን ዛፍ የሚቆርጥ፣ ስለ ማሩ አመስግኖ ንቡ የሚቀስመውን የገተማ ዛፍ የሚጥል ሰው ስጦታውን ወዶ ሰጪውን ረስቷል። መኸሩ ስለሰመረ አመስግኖ የለቃሚውን ሒሳብ የሚያጓትትም እንዲሁ ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ጽፏል። ያ ጩኸት ባለበት የእኛ መዝሙር ምን ዋጋ ይኖረዋል?

ወደ ቤታችን እንግባ። ቡና ሲፈላ አባወራው ይመርቃል፣ እኛም «አሜን» እንላለን። አጠገባችን፣ በዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ፣ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት ቡናውን ያጠበች፣ የቆላችና የወቀጠች ልጅ ተቀምጣለች። ከአቦል እስከ በረካ ስንጠጣ ስሟን ጠርተን «እጅሽ ይባረክ» የማንል ብዙ ነን። የእግዚአብሔር ስጦታ በእሷ እጅ አልፎ ነው የደረሰን፤ እሷን ዘልሎ ወደ ሰማይ የሚወጣ ምስጋና ጎዶሎ ነው።

አንድ ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ልጇን ለቀበረች እናት «አመስግኚ እንጂ» ማለት፣ የቡና ዋጋ ወድቆበት ልጆቹን ትምህርት ቤት መላክ ላቃተው ገበሬ «ተመስገን በል» ማለት ምስጋናን ማስተማር አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ታስሮ ሳለ በምስጋና ጽፏል፤ ያ ግን ከራሱ ልብ የወጣ እንጂ ሌላ ሰው የጫነበት አልነበረም። ላዘነው ቁጭ ብለን አብረን እናልቅስ፤ ማመስገኛውን ጊዜ ያዘነው ራሱ ያውቀዋል።

እንግዲህ ማታ ከመተኛታችን በፊት በየቤታችን አንድ የተቀበልነውን ነገር በስሙ እንጥራ፤ ያ ነገር በማን እጅ እንደደረሰንም አብረን እንናገር። ሲነጋ ለዚያ ሰው የሚገባውን እናድርግ፦ ዕዳ ከሆነ እንክፈል፣ ቃል ከሆነ እንናገር፣ ዛፍ ከሆነ እንጠብቅ። እግዚአብሔርን በዚህ መንገድም ማመስገን እንችላለን።