የመኪናው ዋስ ማን ነው?

በአገራችን ልማድ ሰው ለሰው ገንዘብ ሲያበድር፥ ከብት ሲሸጥ ወይም ክርክር ሲገጥም አስቀድሞ «ዋስ ጥራ» ይባል ነበር። ዋስ የሚሆነውም ሰው ስሙ የታወቀ፥ ቤቱ የሚታይ፥ ርስቱ ወይም ከብቱ የማይሸሽ ሰው ነበር። ባለ ዕዳው የጠፋ እንደ ሆነ የሚያዘው ዋሱ ነውና፥ ጠያቂው ወገን የዋሱን ማንነት አጥብቆ ይመረምር ነበር። ዛሬ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ መሣሪያ ስንገዛ «ዋስትና አለው» የሚለውን ቃል ሰምተን ደስ ይለንና፥ ዋሱ ማን እንደ ሆነ፥ ቤቱስ በወዴት እንደሚገኝ ሳንጠይቅ ገንዘባችንን ቈጥረን እንሰጣለን። የዋሱን ቤት የምንፈልገው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ብዙውን ጊዜ አይገኝም።

ይህን ነገር በአንድ መሣሪያ ምሳሌነት ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት አስበናል። መሣሪያውም ራውተር የሚባለው የእንጨት መቦርቦሪያ መኪና ነው፤ ኢንተርኔትን በቤት ውስጥ ከሚያከፋፍለው ዕቃ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። ይህ መኪና በሁለት እጅ ተይዞ፥ በኤሌክትሪክ ኃይል ስለቱን እጅግ አፍጥኖ እያሽከረከረ የመዝጊያንና የቁም ሣጥንን ጠርዝ ያለዝባል፤ ለማጠፊያ የሚሆነውን ስፍራ ይቦረቡራል፤ በጣውላ ላይ መስመርና ጌጥ ያወጣል። በመሮ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ሥራ በጥቂት ደቂቃ ይፈጽመዋል። ስለዚህ የእንጨት ሥራ ተምሮ የወጣ ልጅ ያለው ቤተ ሰብ ልጁን ለማቋቋም ሲያስብ ከሚገዛቸው የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ነው። ዋጋውም ቀላል ስላልሆነ ብዙ ጊዜ የሚገዛው በዕቁብ ገንዘብ ወይም ከዘመድ በተዋጣ ገንዘብ ነው።

የምናውቃቸው አንዲት እናት የዕቁባቸው ዕጣ በወጣላቸው ጊዜ ለልጃቸው እንደዚህ ያለ መኪና ገዙለት። ሻጩም «የ1 ዓመት ዋስትና አለው» ብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ከዕቃው ጋር ሰጣቸው። በሦስተኛው ወር መኪናው ድምፁን ለወጠ፤ ቀጥሎም ቆመ። እናቲቱ ዕቃውን ይዘው ወደ ሱቁ ቢሄዱ ሻጩ፥ «እናቴ፥ ዋስትናውን የሰጠው ፋብሪካው እንጂ እኔ አይደለሁም» ሲል መለሰላቸው። ልጁ ለፋብሪካው ቢጽፍ፥ መኪናው የተሠራው ለሌላ አገር ገበያ ስለ ሆነ ዋስትናው የሚጸናው በተሸጠበት አገር ብቻ ነው የሚል መልስ መጣለት። ይህም ቃል በዚያው በትንሹ መጽሐፍ በመጨረሻው ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። ልጁ የተዋዋለውን የቁም ሣጥን ሥራ በቀኑ ሳያደርስ ስለ ቀረ፥ ከመኪናው ዋጋ በላይ የደንበኛውን እምነት አጣ።

ሌላው የምናውቃቸው የቤተ ሰብ አባት ደግሞ ከሌላ ሱቅ ሲገዙ፥ «ወንድሜ፥ የፋብሪካውን ነገር ተወውና አንተ ራስህ ምን ያህል ጊዜ ትዋሰዋለህ?» ብለው ጠየቁ። ነጋዴውም ጥቂት አስቦ፥ «እርስዎ ካሉ ስድስት ወር እዋሰዋለሁ» አለ። እሳቸውም ይህንኑ ቃል ከመኪናው መለያ ቁጥር ጋር በደረሰኙ ላይ አስጽፈው፥ ማኅተም አስመትተው ሄዱ። በሁለተኛው ወር ኩሽኔቱ መንኳኳት ሲጀምር ያንን ደረሰኝ ይዘው ቀረቡ፤ ነጋዴውም የገዛ ፊርማውን አይቶ መኪናውን ያለ ክርክር ለወጠላቸው። ሁለቱም መኪናዎች ተበላሽተዋል፤ ሁለቱም ዋስትና ነበራቸው። ነገር ግን የሁለተኛው ዋስ ቤቱ የታወቀ ነበር።

ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ሊያስብባቸው የሚገባውን ነገር በተራ እንጽፋለን።

1ኛ። ዋሱን ለይቶ ማወቅ። ዋስትና ሊሰጥ የሚችለው ሠሪው ፋብሪካ፥ የፋብሪካው የአገር ውስጥ ወኪል ወይም ሻጩ ነጋዴ ነው። እነዚህ ሦስቱ እንደ አንድ ሰው አይቈጠሩም፤ አንዱ የሰጠው ቃል ሌላውን አይይዘውም። ስለዚህ «ቢበላሽ የሚሠራው የት ነው? የሚሠራውስ ማን ነው? መለዋወጫውስ ከወዴት ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ስምና ስፍራ ከሌለው፥ ዋስትና እንደሌለ ቈጥሮ ዋጋውን በዚያው ልክ መከራከር ነው።

መኪናውን በውጭ አገር ያለ ዘመድ ገዝቶ የላከው እንደ ሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል። በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ ሕግ፥ ከ10 ዶላር በላይ ለሚያወጣ የቤት ዕቃ የጽሑፍ ዋስትና የሚሰጥ ኩባንያ ዋስትናው «ሙሉ» ወይም «የተወሰነ» መሆኑን በግልጥ እንዲጽፍ ያዛል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም በ1999 በወጣው መመሪያ መሠረት፥ በኋላም እርሱን በተካው በ2019ኙ መመሪያ፥ ለግል ጥቅሙ ለሚገዛ ሰው ሻጩ ራሱ ቢያንስ ለ2 ዓመት ተጠያቂ ሆኗል። እነዚህ መልካም ሕጎች ናቸው። ነገር ግን በእነርሱ ለመጠቀም ዕቃው ብዙ ጊዜ ወደ ተሸጠበት አገር መመለስ አለበት፤ የመላኪያው ዋጋና የጉምሩኩ ድካም ሲታሰብ ከመመለሱ አዲስ መግዛቱ ይቀላል። ስለዚህ ላኪው ዘመድ ሳይገዛ በፊት ዋስትናው በኢትዮጵያ ይጸና እንደ ሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ደረሰኙንም ከዕቃው ጋር ይላክ።

2ኛ። የኤሌክትሪኩን ኃይል መመርመር። በአገራችን በየቤቱ የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ሲሆን፥ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። ለ120 ቮልት የተሠራ ራውተር በእኛ ሶኬት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል፤ ይህንንም ጥፋት ማንም ዋስ አይከፍለውም። ኃይሉን በሚቀንስ ትራንስፎርመር መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን 15 አምፔር የሚስበው ትልቁ የአሜሪካ ራውተር እስከ 1,800 ዋት ስለሚፈልግ፥ ትራንስፎርመሩ ከዚህ የበለጠ የሚችል መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለውም ከባድና ውድ ነው። በርካሽ የተገዛው መኪና በትራንስፎርመሩ ምክንያት ውድ ይሆናል። ስለዚህ በመኪናው ጎን በተለጠፈው ወረቀት ላይ የቮልቱን ቁጥር ሳያነቡ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

3ኛ። የስለቱን መያዣ መለካት። ስለቱ ተነቃይ ስለ ሆነ፥ ግንዱን ነክሶ የሚይዝ ኮሌት የሚባል የብረት ቀለበት አለ። የአሜሪካው ልክ በኢንች ሲሆን ሩብና ግማሽ ኢንች ነው፤ ይኸውም 6.35 እና 12.7 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የአውሮፓው ግን 6፥ 8 እና 12 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ለዓይን ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የ12 ሚሊ ሜትር ስለት በ12.7 መያዣ ውስጥ ቢገባ የተያዘ መስሎ ሳለ በሥራ ላይ ይንሸራተታል። 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስለት በደቂቃ 24,000 ጊዜ ቢሽከረከር፥ ጫፉ የሚሮጠው በሰዓት 226 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለው ብረት ከመያዣው ከወጣ የሚያገኘው የሠራተኛውን እጅ ወይም ፊት ነው። ስለዚህ ሰፋፊውን ስለት ሁሉ ፍጥነቱን ቀንሶ ማሠራት ግድ ነው፤ በገበያችንም በብዛት ከሚገኘው ስለት ጋር የሚስማማ መያዣ ያለውን መኪና መምረጥ ብልህነት ነው።

4ኛ። ዋስትናው የማይጨምረውን ማንበብ። የፋብሪካ ዋስትና በአብዛኛው የሚሸፍነው በአሠራር ወይም በብረቱ ጉድለት የመጣውን ብልሽት ነው። በሥራ ብዛት የሚያልቀው ካርቦን፥ የሚደክመው ኮሌት፥ የሚደንዘው ስለት በገዢው ዕዳ ነው። መኪናውን ያልተፈቀደለት ሰው ከፈታውም ዋስትናው ብዙውን ጊዜ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ዋስትናው ሳያልቅ በሠፈር ሠራተኛ እጅ ማስፈታት አይገባም። ከዚህም ሌላ፥ ለቤት ሥራ ብቻ የተሠራውን መኪና ለእንጀራ ሥራ ማዋልን ብዙ የዋስትና ወረቀት ይከለክላል። ለምሳሌ ቦሽ የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ለቤት ሥራ የሚሆነውን በአረንጓዴ፥ ለባለ ሙያ የሚሆነውን በሰማያዊ ቀለም ይለያል። ለልጁ ሙያ የሚገዛ ወላጅ የባለ ሙያውን ይምረጥ። ቀለምና ስም አስመስለው የሚሠሩ ስላሉም ቀለሙን ብቻ አይመን፤ የመለያ ቁጥሩ በመኪናው ላይና በሣጥኑ ላይ አንድ መሆኑን ያመሳክር።

5ኛ። በሱቁ ውስጥ መፈተን። መኪናው ከሱቁ ሳይወጣ በፊት ይሰካ፤ ያለ ስለት ጥቂት ደቂቃ ይሩጥ፤ የፍጥነቱ ማስተካከያ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ይሞከር። የሚንኳኳ ወይም የሚፋጭ ድምፅ ቢሰማ አይወሰድ። ከሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ዘንጉ በእጅ ሲነቀነቅ መወዛወዝ አይገባውም፤ ወደ ታች የሚገፋው አካል ያለ መንጠቅ ይውረድ፥ ይውጣ፤ ማጥበቂያው መፍቻ መኖሩም ይታይ። ከዚያ በኋላ ደረሰኙ ይጻፍ። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ስለዚህ ነው። አንዳንድ የአውሮፓ ፋብሪካዎችም ዕቃው በተገዛ በ4 ሳምንት ውስጥ በኢንተርኔት ሲመዘገብ ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት ስለሚያራዝሙ፥ ይህን ቀን ማሳለፍ አይገባም።

6ኛ። ሲበላሽ በሥርዓት መጠየቅ። ብልሽት የታየበት መኪና በዚያው ቀን ሥራ ያቁም፤ እየተጎተተ ቢሠራ ጥፋቱ የገዢው ነው ለማለት ምክንያት ይሆናል። ቀጥሎም አጭር ደብዳቤ ይጻፍ፤ በውስጡም የተገዛበት ቀን፥ የደረሰኙ ቁጥር፥ የመኪናው መለያ ቁጥር፥ ብልሽቱ መቼና በምን ሥራ ላይ እንደ ታየ ይገለጥ። «መኪናችሁ የማይረባ ነው» ከማለት «ከጥር 5 ቀን ጀምሮ ከፍተኛ ፍጥነት ሲሰጠው ይቆማል» ማለት ይበልጣል፤ ስድብ መልስ አይሰጠውም፥ ቀንና ነገር ግን መልስ ይፈልጋል። መኪናውንም ሲያስረክቡ ስለቱን ነቅሎ ማስቀረትና የተረከበውን ሰው ማስፈረም ይገባል። «ዋስትናው ይህን አይሸፍንም» የሚል መልስ ቢሰጥ ምክንያቱ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ በአፍ የቀለለው እምቢታ በወረቀት ላይ ሲሆን ይከብዳል።

ሕጉንም ማወቅ ይረዳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፥ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ እንዲችል ደንግጓል። ነገር ግን አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተ ሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን እንጂ ለማምረቻ የሚገዛውን ስላልሆነ፥ ለእንጨት ሥራ ቤት የተገዛ ራውተር ከዚህ ውጭ ነው ተብሎ ሊከራከሩበት ይችላሉ። ለእንዲህ ያለው ገዢ ጋሻ የሚሆነው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እርሱም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ሲደነግግ፥ ገዢውን ደግሞ ዕቃውን እንደ ተመቸው ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። እንግዲህ ሕጉ የሚረዳው የነቃውን ገዢ ነው፤ ዕቃውን ከነሣጥኑ አስቀምጦ ወር ያሳለፈው ሰው ግን መብቱን በገዛ እጁ ያደክመዋል።

ነጋዴዎቻችንም ይህን ቢያስቡ ይጠቀማሉ። አንድ መኪና የለወጠ ነጋዴ ለጊዜው ትርፉ ይጐድልበታል፤ ነገር ግን ያ የእንጨት ሠራተኛ ነገ መጋዙን፥ ከነገ ወዲያም መላጊያውን የሚገዛው ከእርሱ ነው፤ ጓደኞቹንም ይዞለት ይመጣል። ቃሉን የበላ ነጋዴ ግን የአንድ መኪና ዋጋ አትርፎ የአንድ ሠፈር ገበያ ያጣል።

ወላጆችም ለልጆቻቸው መሣሪያ ሲገዙ ብቻቸውን አይሂዱ፤ የሚሠራበትን ልጅ ይዘው ይሂዱ፤ የዋስትናውንም ወረቀት እርሱ ራሱ እንዲያነብላቸው ያድርጉ። የማይገባው ቃል ቢኖር እዚያው በሱቁ ውስጥ ይጠየቅ። ሙያ ያለው ወጣት መሣሪያውን ከመያዙ አስቀድሞ ውልን ማንበብና ዋስን መለየት ቢማር፥ ነገ እርሱም በተራው ለሠራው ቁም ሣጥን ዋስ መሆኑን ያውቃል፤ ደንበኛውም ቤቱን ሳይቸገር ያገኘዋል።