ሌባውን ግንበኛ ማን ሠራው?

ቤት ያሳደሰ ሰው ሁሉ «ግንበኛው ሌባ ነበር» ሲል እንሰማለን። «ሌብነቱን ያስተማርሁት ግን እኔ ነኝ» የሚል ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ስለዚህ እኔ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእናቴ ከነባሩ ቤት ጎን አንዲት የብሎኬት ክፍል ላስቀጥል ፈልጌ ሦስት ግንበኞች ጠራሁ። ሁለቱ ቦታውን ለክተው፥ ስሚንቶውንና አሸዋውን አስልተው ዋጋቸውን ነገሩኝ። ሦስተኛው ምንም ሳይለካ ከሁለቱ እጅግ ያነሰ ዋጋ ጠራ፤ ደግሞም የአገሬ ልጅ ነበር። እኔም በዚህ ሳልረካ ከጠራው ላይ እንደ ገና አስቀነስሁት። «በዚህ ዋጋ ስሚንቶው አይበቃም» ቢለኝ፥ «አንተ ታውቅበታለህ» ብዬ ሣቅሁ። በዚያ ሣቅ ውስጥ «እንዳሻህ ስረቅ፥ ብቻ እኔ አልይ» የሚል ፈቃድ እንደ ነበረበት ያወቅሁት ኋላ ነው።

በነሐሴ አንድ ሌሊት ግድግዳው ተናደ። የእናቴ አልጋ በብሎኬት ተሞላ። እርሳቸው ለፍልሰታ ሰዓታት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ስለ ነበር ተረፉ። ፍርስራሹን ስናነሣ ብሎኬቱን ያያዘው ስሚንቶ በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት ይረግፍ ነበር።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ታማኝ ግንበኛ በአንደበቱና በተወለደበት ቀዬ አይታወቅም። ወደ ሠራው ቤት ሂድ፤ ክረምት ያለፈበትን እንጂ ትናንት የተቀባውን አትይ፤ ባለቤቱንም ጠይቅ። ያመጣውን አሸዋ በጠርሙስ ውኃ በጥብጠህ አስቀምጠው፤ አሸዋው ከታች ሲረጋ አፈሩ በላዩ ይቀመጣልና፥ አፈሩ በዝቶ ካየኸው አሸዋውን መልስ። ኮንክሪት ካፈሰሰ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ የሚያጠጣውን፥ ቆርቆሮ ሲመታም ምስማሩን በጎድጓዳው ሳይሆን በጉብታው ላይ የሚያሳርፈውን ሰው አክብረህ ያዝ፤ ዓይንህ በሌለበትም በደንብ ይሠራልና።

«የተማመኑ ሰዎች ውል አይጻጻፉም» የሚሉ አሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቃል ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ይገኛል። ስለዚህ ውል ወዳጅነትን ይጠብቃል እንጂ አያፈርስም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ተቋራጩ ለሠራው ሥራ ጽናት 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ውል በእጁ የሌለው ሰው ግን ምን የተሠራለት ማን እንደ ሠራለትስ በምን ያስረዳል? ገንዘቡንም ሥራው በደረሰበት ልክ እየከፈልህ ስጥ እንጂ መሠረቱ ሳይቆፈር አትጨርስ።

ከዚህ ሁሉ አስቀድመህ ግን ራስህን መርምር። ተገቢውን ዋጋ ለመክፈል ያልወደደ ሰው ተገቢውን ሥራ ለመጠየቅ አፍ የለውም። ከሦስቱ ግንበኞች ሁለቱ እውነቱን ነግረውኝ ነበር፤ እውነቱ ስለ ተወደደብኝ አሰናበትኋቸው። ሐሰቱን በርካሽ ገዛሁ፤ ዋጋውን ግን እናቴ በሕይወታቸው ሊከፍሉት ጥቂት ቀርቶአቸው ነበር።