ፕሮፋይል የቀየረ ሁሉ አድናቂ ነው?

ጥላሁን ገሠሠ በ2001 በፋሲካ፣ ማዲንጎ አፈወርቅ በ2015 በመስቀል ዕለት ሲያርፉ አገር አለቀሰ። አሁን አሁን ድምፃዊ ባረፈ ቁጥር «አንተ ደሞ መች ሰምተኸው ታውቃለህ?» የሚል ንትርክ ይነሳል።

ወገን! ሙጃ ላይ ለቅሶ የደረሰን ሰው «ሟቹን ምን ያህል ታውቀዋለህ?» የሚል አለ? የለም። ያዘነ ሁሉ ያልቅስ።

ግን ለቅሶም ወግ አለው። ሲታመም መጠየቅ፣ ከአርባው በኋላም ቤተሰቡን ማሰብ አለ። ለሜሞሪ ጫኚው ከፍለን ለዘፋኙ አምስት ሳንቲም ሳይደርሰው፣ ሲሞት የሻማ ፎቶ መለጠፍ አድናቂ አያሰኝም።

ለቅኝት የባቲንና የአምባሰልን ስም የሰጠች ወሎ ዛሬም በየሰርጉ ማሲንቆ የሚመቱ ልጆች አሏት። እነሱን በቁማቸው እናክብር፤ ሥራቸውን ገዝተን እንስማ። እንባው ያኔ ያምራል!