ዝምታችንም ጥፋት ነው

ከመገናኛ ወደ ጉርድ ሾላ በታክሲ የሚመላለስ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ይኸውም ሾፌሩ ባንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ስልክ ይዞ ሲነዳ ተሳፋሪው አይቶ እንዳላየ ዝም ማለቱ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሴኮንድ ከ40 ሜትር በላይ ይጓዛል። ሾፌሩ መልእክት ለማንበብ ይህን ያህል ጊዜ ቢያቀረቅር፣ ያን ሁሉ መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ነዳ ማለት ነው። መንገዱን የሚያቋርጠው ደግሞ የኛው ጓደኛ ወይም መምህር ሊሆን ይችላል።

ሕግ አልጠፋም። እያሽከረከሩ በእጅ ስልክ መነጋገር በደንብ የተከለከለ ነው። ትራፊክ ፖሊስም ያስቆማል፣ ይመክራል፣ ይቀጣል። ነገር ግን ፖሊሱ የሚቆመው ባንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው፤ እሱን ያለፈ ሾፌር ስልኩን መልሶ ያነሣል። ከዚያ ወዲያ ከሾፌሩ ጋር የምንቀረው እኛ ነን።

«ወራጅ አለ!» ብለን ለመጮኽ የማናፍር ሰዎች፣ «ወንድሜ፣ እባክህ ስልኩን አስቀምጥልን» ለማለት ስለምን እናፍራለን? መኪና እየነዳ መሆኑን እያወቅን ለወዳጃችን የምንደውለውስ እኛው አይደለንምን? እንግዲህ ፖሊስ የጀመረውን ሥራ መፈጸም የተሳፋሪም ግዴታ መሆኑን ልንዘነጋው አይገባም።