የከተማ ጭሰኞች፦ ክሮይደን ስለ መልሶ ማልማት የምታስተምረን

በብሪታንያ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ክሮይደን የሚለው ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው አንድ ሕንጻ ነው። ዌልዝሊ ሮድ ላይ የቆመው ባለ 20 ፎቅ ሉናር ሀውስ የሆም ኦፊስ መሥሪያ ቤት ነው፤ ጥገኝነት ጠይቀው አሻራቸውን የሰጡበት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ይዘው የተሰለፉበት ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ከዚያ የወጣ ባለጉዳይ ፊቱን ወደ ባቡር ጣቢያው ይመልሳል እንጂ ሠፈሩን ዞሮ አያይም። አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደውን ፈረሳና ግንባታ በቅርብ ለሚከታተል ሰው ግን ክሮይደን ዞር ብሎ ሊያያት የሚገባ ስፍራ ናት። ባለፉት 70 ዓመታት መሀል ከተማዋን ደጋግማ ለማደስ ሞክራለች፤ በከፊልም በባህል ስም በገባችበት ዕዳ ከስራለች፤ ከክስረቷ በኋላ ደግሞ የለንደን የባህል ወረዳ ሆናለች።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። የመሀል ከተማ ባህል በሁለት ነገሮች ይኖራል፦ በርካሽ ክፍልና በጸና ይዞታ። መልሶ ማልማት የመጀመሪያውን ማጥፋቱ አይቀርም፤ ሁለተኛውን በምትኩ ካልሰጠ ግን መሬትን አለማ እንጂ ባህልን አለማ ሊባል አይችልም።

ያልታቀደው መከር

የዛሬዪቱ ክሮይደን መልክ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1956 በወጣው የክሮይደን ኮርፖሬሽን አዋጅ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አዋጁ የአካባቢው ምክር ቤት መሬት አሰባስቦ መሀል ከተማውን ለቢሮ ሕንጻዎች እንዲያመቻች ሥልጣን ሰጠው። በ1960ዎቹ ፎቆች ተደረደሩ፤ ጎዳናዎች ለመኪና ሰፉ፤ በ1962 ፌርፊልድ ሆልስ የተባለው የሙዚቃና የቴአትር አዳራሽ ተከፈተ፤ በ1970 የዊትጊፍት የገበያ ማዕከል ተመረቀ።

ፌርፊልድ ሆልስ ታላላቅ ኦርኬስትራዎችን አስተናግዷል፤ ክብሩ ሊነፈገው አይገባም። ይሁን እንጂ ከራሷ ከክሮይደን በቅሎ ዓለምን ያዳረሰው ጥበብ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በኪነ ጥበብ ኮሌጇ ይማሩ የነበሩት ማልኮም ማክላረንና ጄሚ ሪድ በቀጣዩ አሥር ዓመት የፓንክን ገጽታ ከቀረጹት መካከል ናቸው። በ1276 በተሰጠ ቻርተር ገበያነቱ በጸናው በሰሪ ስትሪት ደግሞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቢግ አፕል ሬከርድስ የሚባል ሸክላ መሸጫ ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ ሃቻ የተባለው ዲጄ ሸክላ ይሸጣል፤ ስክሪምና ቤንጋ የተባሉት ታዳጊዎች እዚያው ይውላሉ፤ ከሱቁ በላይ የሙዚቃ ስቱዲዮ አለ። ደብስቴፕ የሚባለው የሙዚቃ ስልት ከተፀነሰባቸው ስፍራዎች ዋነኛው ያ ሱቅ ነበር። በ2004 ተዘጋ።

ይህ ሁሉ በየትኛውም ማስተር ፕላን ላይ አልተጻፈም። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። አሥር ጊዜ ተሞክሮ አንድ ጊዜ የሚሰምር ሥራ የዘጠኙን ውድቀት ኪራይ መሸከም አለበት። ኪራዩ ውድ ከሆነ ሠሪው ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ ዕቃውን ሸክፎ ይሄዳል፤ ርካሽ ከሆነ ግን አሥረኛውን ሙከራ ያያል። የገበያው ግርግር፣ ያረጀው ደረጃ፣ ከሱቅ በላይ ያለችው ጠባብ ክፍል ለፕላን ባለሙያ የድህነት ምልክት ሊመስሉ ይችላሉ፤ ለአዲስ ሥራ ግን የመድን ዋስትና ናቸው።

በዕዳ የታደሰው አዳራሽ

ምክር ቤቱ፣ ማለትም እኛ እዚህ ካውንስል የምንለው፣ ባህልን በራሱ እጅ ለማልማት ሲነሣ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። በ2013 የሪስኮ ስብስብ ከሚባለው የቻይና ጥንታዊ የሸክላ ሥራ 24 ዕቃዎችን መርጦ ሆንግ ኮንግ ላይ ለጨረታ አቀረበ፤ ዓላማው ፌርፊልድ ሆልስን ለማደስ ገንዘብ ማግኘት ነበር። ቅርስ ሸጦ አዳራሽ ማደስ የሙዚየም ሥነ ምግባርን የሚጥስ ነውና የእንግሊዝ የኪነ ጥበብ ካውንስል ለሙዚየሙ የሰጠውን ዕውቅና አነሣ።

አዳራሹ በ2016 ተዘጋ። እድሳቱን የያዘው የካውንስሉ የራሱ የቤት አልሚ ኩባንያ፣ ብሪክ ባይ ብሪክ፣ ነበር። 30 ሚሊዮን ፓውንድ ይፈጃል ተብሎ የታቀደው ሥራ ከ67 ሚሊዮን በላይ ፈጀ፤ በሩ የተከፈተው በ2019 መጸው ላይ ሲሆን ከወራት በኋላ ወረርሽኙ መልሶ ዘጋው። በጥቅምት 2020 ኦዲተሮች ባወጡት ሪፖርት ካውንስሉ ለዚሁ ኩባንያ ወደ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ማበደሩን፣ የጠበቀውንም ትርፍ አለማግኘቱን አጋለጡ። በቀጣዩ ወር ካውንስሉ አንቀጽ 114 የተባለውን ማስታወቂያ አወጣ፤ ይህም በብሪታንያ ሕግ አንድ ምክር ቤት ወጪና ገቢውን ማጣጣም እንዳልቻለ የሚናዘዝበት ነው። ክስረቱ የአዳራሹ ብቻ አልነበረም፤ የንብረት ግዢና የማኅበራዊ አገልግሎት ወጪም አለበት። ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ አዳራሹ የዚያ አሠራር ዋና ምሳሌ ሆኖ በጥር 2022 የራሱ ሪፖርት ተጻፈበት።

ዕዳውን የከፈለው ማነው? በ2023 የነዋሪው የካውንስል ታክስ በ15 በመቶ ጨመረ። በ2024 አራት የሠፈር ቤተ መጻሕፍት እንዲዘጉ ተወሰነ። በ2025 ማዕከላዊው መንግሥት ኮሚሽነሮችን ላከ። ለባህል ተብሎ የተወሰደው ብድር በመጨረሻ ልጆች ያለ ክፍያ ገብተው የሚያነቡባቸውን ክፍሎች ለመዝጋት ምክንያት ከሆኑት አንዱ ሆነ።

በዚህ መካከል ክሮይደን ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ለአንድ ዓመት የለንደን የባህል ወረዳ ሆነች። ከለንደን ከንቲባ የተመደበላት ሽልማት 1.35 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ከአዳራሹ እድሳት ከዕቅድ በላይ የወጣው ገንዘብ ብቻ የዚህን ሽልማት ከ25 እጥፍ በላይ ይሆናል። ከበዓሉ ዓመት ቅርሶች አንዱ የከተማዪቱን የሙዚቃ ታሪክ የሚያስጎበኝ መንገድ ነው። መታሰቢያ ማቆም መልካም ነው፤ ቀጣዩ ሸክላ መሸጫ ኪራዩን ከየት እንደሚከፍል ግን መታሰቢያው አይነግረንም።

የጠበቃ ዘመን

ሁለተኛው ትምህርት የዊትጊፍት ማዕከል ነው። አልደርስ የተባለው ዝነኛ መደብር በ2012 ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት ዌስትፊልድና ሐመርሰን የተባሉት ኩባንያዎች ማዕከሉን አፍርሰው አንድ ቢሊዮን ፓውንድ በሚያወጣ ግዙፍ የገበያ አዳራሽ እንደሚተኩት ታወጀ። ፈቃድ ተሰጠ፤ ዕቅዱ ተከለሰ፤ በ2018 እንደገና ተፈቀደ፤ ቁፋሮው ግን አልተጀመረም። በ2023 ሐመርሰን ድርሻውን ለዌስትፊልድ ባለቤት ሸጦ ወጣ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ነጋዴው ይፈርሳል በተባለ ሱቅ ላይ ገንዘቡን ሊያፈስ አልደፈረም፤ መደርደሪያዎች ባዶ ቀሩ፤ መሀል ከተማው በተስፋ ታመመ።

ባዶ ሱቅ ሲበዛ አርቲስቶች ተጠሩ። በ2013 በአርቲስቶች የተመሠረተው ተርፍ ፕሮጀክትስ ለዓመታት በዚሁ ማዕከል ውስጥ ኤግዚቢሽንና ስቱዲዮ ከፍቶ ሠርቷል። በ2018 የለንደን ከንቲባ ክሮይደንን ከመጀመሪያዎቹ ስድስት የፈጠራ ሥራ ቀጠናዎች አንዷ አደረጋት። እነዚህ መልካም እርምጃዎች ነበሩ። ሆኖም በመላው ብሪታንያ እንዲህ ያለው ቦታ በአብዛኛው የሚሰጠው አልሚው ሥራ እስኪጀምር ድረስ ነው፤ ውሉ አጭር፣ የማስለቀቂያ ጊዜውም ጥቂት ነው።

ለዚህ ግንኙነት የኛ ቋንቋ ጥርት ያለ ስም አለው፤ ጭሰኝነት። ጭሰኛው ጠፍ መሬት መንጥሮ ያቀናል፤ መሬቱ መልክ ሲይዝ ባለ ርስቱ ያስነሣዋል። አርቲስቱም ሰው የሸሸውን ጎዳና ሰው እንዲመላለስበት ያደርጋል፤ የጎዳናው ስም ሲለወጥ ኪራዩ ይንራል፤ ጥቅሙን ባለ ሕንጻው ይሰበስባል፤ አቅኚው ይለቅቃል። በ2013 የብሪታንያ መንግሥት ቢሮዎች ያለ ሙሉ የፕላን ፈቃድ ወደ መኖሪያ ቤት እንዲለወጡ ሲፈቅድ ይኸው ሂደት በክሮይደን ተፋጠነ። የቢሮ ፎቆች በጥድፊያ አፓርታማ ሆኑ፤ ካውንስሉ በ2015 በመሀል ከተማው ላይ ገደብ ቢያደርግም ብዙው ርካሽ የሥራ ቦታ ቀድሞ ሄዷል።

ፒያሳና ካዛንቺስ

አዲስ አበባ ላይ መንገዱ ሌላ፣ አመክንዮው ግን አንድ ነው። ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በፒያሳና በካዛንቺስ እጅግ ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸውን የቀበሌ ቤቶች አተረፈ። አዋጁ ስለ ባህል አላሰበም፤ ብዙ ቤቶችም ጥገና አጥተው አርጅተዋል። ነገር ግን ርካሽ ኪራይ ሰፊ መጠለያ ሆነ፤ አዝማሪ ቤቱ፣ ሙዚቃ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ፎቶ ቤቱ፣ ቡና ቤቱ ጎን ለጎን የኖሩት በእሱ ነው።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። በቀጣዩ ወር በዚያው አካባቢ በኮሪደር ልማት ስም ሰፊ ፈረሳ ተካሄደ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር ቆሟል፤ በአቅራቢያው የነበረው ዶሮ ማነቂያ ግን ፈርሷል። በ2017 ዓ.ም. ተራው የካዛንቺስ ሆነ፤ በመላኩ በላይ መሪነት የአዝማሪ ቤትን ወግ ለዓለም ያስተዋወቀው ፈንድቃ የባህል ማዕከልም ከኖረበት ስፍራ ለቀቀ። ስም ያለው ተቋም ሌላ መድረክ ሊያገኝ ይችላል። ስም የሌለው ማሲንቆ መቺ፣ ከእሱ ጋር የሚሠራው ከበሮ መቺ፣ ሌሊት ሻይ የምትሸጥላቸው እናት ግን በየፊናቸው ወደ ከተማ ዳር ተበተኑ። ቤት ምትክ አለው፤ ጉርብትና ምትክ የለውም።

ለተቃውሞው መልስ

አንድ ተቃውሞ በአግባቡ ሊመዘን ይገባል። ከመጸዳጃ ቤት እጦት ጋር የኖረ የቀበሌ ቤት ነዋሪን «ሠፈርህ ባህል ነውና እንዳለ ይቆይ» ማለት ግፍ ነው። አዲሱ የእግረኛ መንገድና መብራት ለብዙ ሰው እውነተኛ ጥቅም ነው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ወደ 390 ሺህ ነዋሪ የተቆጠረባት ክሮይደንም ቤት ያስፈልጋታል። ጥያቄው ይታደስ ወይስ አይታደስ አይደለም፤ ሲታደስ ያቀናው ሰው ምን መብት ይዞ ይገባል የሚል ነው።

ለዚህ መሣሪያው አለ። በ2011 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ የእንግሊዝ ማኅበረሰቦች የሚወዱትን ሕንጻ እንዲያስመዘግቡና ሲሸጥ ገንዘብ ለማሰባሰብ እስከ ስድስት ወር እንዲያገኙ ፈቅዷል። በ2019 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ክሪኤቲቭ ላንድ ትረስት ሕንጻ እየያዘ ለአርቲስቶች በዘላቂነት እንዲከራይ ያደርጋል። ካውንስሎችም ለአልሚ ፈቃድ ሲሰጡ የረጅም ዘመን ርካሽ የሥራ ቦታን በውል ማስገደድ ይችላሉ። ድክመቱ ክሮይደን ከመሬቱ ብዙውን አለመያዟ ነው፤ የዊትጊፍት መሬት ባለቤት እንኳ ካውንስሉ ሳይሆን አንድ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን ነው።

አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ክሮይደን የሌላት ኃይል አላት። መሬቱ በሕግ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በሊዝ የሚሰጠውም ከተማው ነው። ስለዚህ በየአዲሱ ሕንጻ ምድር ቤት የተወሰነ ወለል ቀድሞ በሠፈሩ ለነበሩ የጥበብና የዕደ ጥበብ ሰዎች በ20 ወይም በ30 ዓመት ውል፣ ገቢያቸውን ባገናዘበ ኪራይ እንዲመለስ በሊዝ ውሉ ውስጥ ማስፈር ይቻላል። ለንደን ከባለ ርስት ጋር ተደራድራ የምታገኘውን አዲስ አበባ በአንድ የውል አንቀጽ ልታገኘው ትችላለች። ካላገኘችው የአቅም ሳይሆን የፈቃድ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ የኛም ድርሻ ይመጣል። በውጭ የምንኖር ባለሙያዎች የአገር ቤቱን ፎቅ በቅድሚያ ክፍያ እንገዛለን፤ በፕላን፣ በፋይናንስና በሕግ ሙያችን እንማከራለን፤ እዚህ ስንኖር ደግሞ የካውንስል መራጮችና ግብር ከፋዮች ነን። አልሚ ወይም ባለሥልጣን ስለ ባህል ማዕከል ሲያወራልን ስንት ፎቅ እንዳለው መጠየቅ ይብቃን። ከፈረሳው በፊት በቦታው የነበረው ማን ነበር? ይመለሳል ወይ? ከተመለሰስ ውሉ ስንት ዓመት ነው? የሥዕል ንድፉ ላይ የማይታየው የውሉ ዘመን፣ ከሕንጻው ከፍታ ይልቅ የአንድ ሠፈር የባህል ዕድሜ ልክ ነው።