ጫካ ገብቶ መመለስ

አማርኛችን ለጫካ የሰጠው ትርጉም ከባድ ነው። «እገሌ ጫካ ገባ» ከተባለ ሸፈተ ማለት ነው፤ «ዱር ቤቴ አለ» ከተባለም ያው ነው። «መነነ» ከተባለ ደግሞ ዓለምን ንቆ ገዳም ገባ ማለት ነው። ሽፍታውና መናኙ በሌላው ሁሉ ባይመሳሰሉም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ሲሄዱ የመመለሻቸውን ቀን አይናገሩም። ቅዳሜ ጫካ ገብቶ ማክሰኞ ለሚመለስ ሰው ግን ቋንቋችን ስም አላወጣለትም።

ይህን ያስተማረን ሀገሩ ራሱ ነው። ወገል ጤና ካለችበት ከደላንታ አምባ በስተሰሜን የጅጣ ሸለቆ አለ፤ ከማዶው ዋድላ፣ ከዚያም መቄት። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያለፉት በዚህ ገደል ነው፤ እሳቸውም ከመንገሣቸው በፊት የቋራ ሽፍታ ነበሩ። ከላሊበላ በስተሰሜን ደግሞ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ መቅደስ በዋሻ ውስጥ፣ በጽድ ደን ተከብቦ ይገኛል።

ሦስተኛውን ትርጉም በዚህ ምድር ከጀመሩት መካከል የመቄት ገበሬዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 «ተስፋ» በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ውጥን ተደግፈው፣ በገደል አፋፍ ጎጆ ሠርተው እንግዳ መቀበል ጀመሩ። መንገደኛው በእግሩ ይጓዛል፤ ጓዙን አህያ ይሸከምለታል፤ ማታ የመንደሩን ምግብ ይበላል፤ ጠዋት የጭላዳ መንጋ ከገደሉ ሲወጣ ያያል። ገቢውም ለመንደሩ ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው አቡነ ዮሴፍ የሚዘልቅም አስታውን፣ ጓሳውንና ጅብራውን፣ ከቀናውም ቀይ ቀበሮን ያያል። እንግዶቹ ግን በአብዛኛው የባሕር ማዶ ሰዎች ነበሩ።

«ሲያለፋን የኖረውን ዳገት ደግሞ ለመዝናኛ እንውጣው?» የሚል አይጠፋም። እንጨት ተሸክማ ያንኑ ዳገት ለምትወጣ እናት ስለ እግር ጉዞ ደስታ ማውራት በእርግጥ ያሳፍራል። ነገር ግን እኛ ከተሜዎች «ያልተነካ ደን» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ የተጠበቀ ደን ነው። ጽዱን ያቆየው የደብሩ ክብር ነው፤ ጓሳውን ያቆየው አጨዳውን በወቅቱ የወሰነ ገበሬ ነው። ይህን በእግሩ ሄዶ ያየ ሰው ለጠባቂው ዋጋውን ይከፍላል፤ ያላየ ግን ደኑ በራሱ የቆመ ይመስለዋል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላስታ ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። እንግዳ ቀረ። «ጫካ ገባ» የሚለው ቃልም ወደ ጥንት ትርጉሙ ተመለሰ።

ስለዚህ የተራራ ጉዞን ቅንጦት ነው ለሚለኝ አልስማማም። ሰላም ማለት ለእኔ «ልጅሽ ጫካ ገባ» የተባለች እናት፣ «ስንቅ ይዟል? መቼ ነው የሚመለሰው?» ብላ ብቻ ጠይቃ ቡናዋን ማፍላት የምትቀጥልበት ቀን ነው።